ለመጀመሪያው ዓመት ገንዘብ አለ፤ ለሦስተኛውስ?

«አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ» (ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ በአጭሩ ኤአይ) የሚለው ስም የተወለደው ላቦራቶሪ ውስጥ አይደለም። ገንዘብ ለመጠየቅ በተጻፈ ወረቀት ላይ ነው። 1955 ኦገስት መጨረሻ ላይ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠቅሰው) ጆን ማካርቲ፣ ማርቪን ሚንስኪ፣ ናትናኤል ሮቼስተር እና ክላውድ ሻነን የተባሉ ተመራማሪዎች ለአሜሪካው የበጎ አድራጎት ድርጅት ለሮክፌለር ፋውንዴሽን ፕሮፖዛል ጻፉ። አሥር ሰዎች ዳርትማውዝ ኮሌጅ ለሁለት ወር ይሰባሰባሉ፤ ማሽን እንዴት ቋንቋ መጠቀም፣ እንዴትስ ራሱን ማሻሻል እንደሚችል ያጠናሉ ነው ነገሩ። ለአንድ ተመራማሪ 1,200 ዶላር፣ ለድኅረ ምረቃ ተማሪ 700 ዶላር እያሉ ዘርዝረው በጠቅላላው 13,500 ዶላር ጠየቁ። የተሰጣቸው 7,500 ነው።

በዚያ ሁለት ወር ውስጥ ትልቅ እመርታ ይታያል ብለውም ነበር። እመርታው ከተጠበቀው በብዙ አሥርት ዓመታት ዘገየ።

ከነሱ በኋላ የመጣነውም ያንኑ ወረቀት ነው ደጋግመን የምንጽፈው። ብዙ እንጠይቃለን፣ ግማሹን እናገኛለን፣ ተስፋውን ደግሞ አሳምረን እናቀርባለን። ልዩነቱ አሁን በሩ መብዛቱ ነው። ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ምርምርና ለማኅበረሰብ ጥቅም ለሚውል ኤአይ የሚመደበው ገንዘብ እንደ ዛሬ በዝቶ አያውቅም። ፌብሩዋሪ 2025 ፓሪስ ላይ በተካሄደው የኤአይ ጉባኤ ከረንት ኤአይ የተባለ ድርጅት በ400 ሚሊዮን ዶላር ተመሠረተ፤ በአምስት ዓመት 2.5 ቢሊዮን ለማድረስ ያልማል። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ አሥር ፋውንዴሽኖች ተባብረው ሂዩማኒቲ ኤአይ በሚል ስም ለአምስት ዓመት 500 ሚሊዮን ዶላር ለመስጠት ቃል ገቡ። ኤሪክ እና ዌንዲ ሽሚት 2022 ላይ ለጀመሩት ኤአይ2050 የመደቡት 125 ሚሊዮን ነው። የአውሮፓ ኅብረት የምርምር ፕሮግራም ሆራይዘን ዩሮፕ ኤአይን ብቻ የሚመለከት አይደለም፤ ግን ሲጀመር ከ2021 እስከ 2027 ድረስ 95.5 ቢሊዮን ዩሮ ተመድቦለት ነበር።

በሌላ በኩል የተዘጉ በሮች አሉ። ለስንት የጤናና የግብርና ፕሮጀክት መተማመኛ የነበረው የአሜሪካው ዩኤስኤአይዲ 2025 ጁላይ ላይ ሥራውን አቁሟል። የአሜሪካ መንግሥት የምርምር ድጎማም ያን ዓመት ክፉኛ ተናውጧል። ስለዚህ ማመልከቻውን የሚያነበው ሰው እየተለወጠ ነው። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ወደ ፋውንዴሽንና ወደ ቴክኖሎጂ ኩባንያ እየዞረ ነው።

ቁጥሮቹ ያስጎመጃሉ። የማመልከቻ ጥሪ ወጣ ሲባል ሁላችንም ዓይናችን ቀድሞ የሚያርፈው ጠቅላላ ድምሩ ላይ ነው። መታየት ያለበት ግን ለምን ዓይነት ሥራ፣ ለስንት ጊዜ የሚለው ነው።

አንድ ምሳሌ እንያዝ። ብዙም ዳታ በሌለው ቋንቋ የጤና መልእክት በድምፅ የሚያቀርብ ሥርዓት መሥራት ፈለጋችሁ እንበል። ለንጹሕ ሳይንስ ገንዘብ ለሚሰጥ አካል፣ ለምሳሌ ለአውሮፓ የምርምር ምክር ቤት፣ የሚያጓጓው «በትንሽ ዳታ የንግግር ሞዴል (ከዳታ የሚማር ፕሮግራም) ማሠልጠኛ አዲስ ዘዴ አላችሁ ወይ?» የሚለው ነው። ሰው ተጠቀመበት አልተጠቀመበት ሁለተኛ ጉዳይ ነው። እንደ ጎግል ዶት ኦርግ (የጎግል የበጎ አድራጎት ክንፍ) ወይም ጌትስ ፋውንዴሽን ያለው ደግሞ ዘዴው አዲስ መሆኑ ብዙም አያስጨንቀውም። ስንት ሰው ጋ ይደርሳል? አጋር ክሊኒኩ ማነው? ይኼን ነው የሚጠይቀው። ሦስተኛ በር አለ፤ የደኅንነት ምርምር በር። እዚያ ጥያቄው «ሥርዓቱ ለነፍሰ ጡር ሴት የተሳሳተ ምክር ሲሰጥ በምን ታውቃላችሁ?» ነው። በዚህኛው በር ኮኤፊሸንት ጊቪንግ (እስከ 2025 ኖቬምበር ድረስ ኦፕን ፊላንትሮፒ ይባል የነበረው) ትልቁ ስም ነው። ፌብሩዋሪ 2025 ላይ ባወጣው የ40 ሚሊዮን ዶላር ጥሪ የመጀመሪያው ዙር ማመልከቻ 300 ቃል ብቻ ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት የኤአይ ደኅንነት ተቋምም በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ በ15 ሚሊዮን ፓውንድ አላይመንት ፕሮጀክትን (ኤአይ ከሰው ፍላጎት እንዳይወጣ የሚያጠና) ከፍቷል፤ ለአንድ ፕሮጀክት ከ50,000 እስከ 1 ሚሊዮን ፓውንድ።

ሥራው አንድ ነው። ፕሮፖዛሉ ግን አንድ ሊሆን አይችልም። አንዱን ጽፎ ለሦስቱም ኮፒ ፔስት ማድረግ ሦስት ጊዜ ውድቅ የመሆኛ አጭሩ መንገድ ነው።

ዕድሉ ምን ያህል ነው? ሁለት የታወቁ ውድድሮችን ላነጻጽር። ጎግል 2018 ላይ ባወጣው የኤአይ ኢምፓክት ቻሌንጅ 25 ሚሊዮን ዶላር ቀረበ። ከ119 አገሮች 2,602 ማመልከቻ መጣ። 2019 ላይ 20 ድርጅቶች አሸነፉ። ከመቶ አንድ እንኳ አልሞላም። ጌትስ ፋውንዴሽን 2023 ላይ ኤአይን ለዓለም አቀፍ ጤና ስለመጠቀም ባወጣው ጥሪ ደግሞ ለአንድ ፕሮጀክት እስከ 100,000 ዶላር ነበር የሚሰጠው። ከ1,300 በላይ ፕሮፖዛል ገባ፤ ወደ 50 የሚጠጋ ተመረጠ። ከመቶ አራት ገደማ መሆኑ ነው። ከሁለት ውድድር ሕግ አይወጣም፤ ቢሆንም ለጀማሪ ቡድን እኔ የምመክረው ትንሹን ነው። ትንሹ ገንዘብ ተሠርቶበት የታየ ነገር ያስገኛል፤ ለትልቁ ሲያመለክቱ ደግሞ ገምጋሚ የሚፈልገው ያንን ነው። የሚያጽናና ነገርም ልጨምር። ለጎግል ውድድር ካመለከቱት 40 በመቶው ከዚያ በፊት በኤአይ ሠርተው የማያውቁ ድርጅቶች ነበሩ።

ሁሉም ገንዘብ ገንዘብ አይደለም። አንዳንዱ ክላውድ ክሬዲት ነው፤ የኩባንያውን ኮምፒውተሮች በኢንተርኔት በኩል እስከተወሰነ መጠን በነፃ መጠቀሚያ። ኩባንያዎች ከጥሬ ገንዘብ ይልቅ የኮምፒውተር አቅም መስጠት ይቀላቸዋል፤ የራሳቸው ዕቃ ነዋ። ጎግል ቲፒዩ ሪሰርች ክላውድ በሚለው ፕሮግራሙ ተመራማሪዎች ቺፖቹን በነፃ እንዲጠቀሙ ይፈቅዳል። የአሜሪካ መንግሥትም 2024 ጃንዋሪ ላይ ኤንኤአይአርአር የተባለ የኮምፒውተርና የዳታ ማጋሪያ ሙከራ ጀምሯል። ክሬዲት ሲገኝ ደስ ይላል። ደሞዝ ግን አይከፍልም።

እኔም በዚህ ተሸውጃለሁ። ከአንድ ኩባንያ ለአሥራ ሁለት ወር የሚያገለግል ክሬዲት አገኘን። የታካሚ መረጃ ስለሆነ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። ፈቃዱ ዘጠኝ ወር ፈጀ። ዳታው ተጣርቶ፣ ስም ተሰርዞ እስኪዘጋጅ ሌላ ሁለት ወር ሄደ። በቀረችው አንድ ወር ሌት ተቀን ሞዴል ስናሠለጥን ከረምን፤ ያም ሆኖ ከክሬዲቱ ሦስት አራተኛው ሳይነካ ቀኑ አለፈ። ኢሜይሉ የደረሰን እኩለ ሌሊት ላይ ነበር። ቀሪ ሂሳብ ዜሮ። ከዚያ ወዲህ ክሬዲት ሲሰጠኝ መጀመሪያ የምጠይቀው መጠኑን ሳይሆን መቁጠር የሚጀምርበትን ቀን ነው።

ሽልማትም አለ። አይቢኤም እና ውድድር አዘጋጁ ኤክስፕራይዝ 2016 ላይ ያስጀመሩት የኤአይ ውድድር ጠቅላላ ሽልማቱ 5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። 2021 ላይ 3 ሚሊዮኑን የወሰደው ዛፕ ማላሪያ ነው፤ የወባ ትንኝ የሚራባባቸውን የውኃ ቦታዎች በሳተላይት ምስልና በኤአይ የሚለይ ቡድን። ግሩም ሥራ ነው። ግን ልብ በሉ፣ ዋናው ሽልማት የመጣው በአምስተኛው ዓመት ነው። እስከዚያ ድረስ ቡድኑ በሌላ ገንዘብ መኖር አለበት። ሌላ ገቢ ለሌለው ሰው ሽልማት ላም አለኝ በሰማይ ነው።

አሁን ወደ በጀቱ እንግባ፤ ብዙ ፕሮፖዛል የሚሞተው እዚህ ነው።

የደረት ራጅ አይቶ ቲቢ የሚጠረጥር ሞዴል እንሥራ እንበል። 10,000 ምስል አለን። እያንዳንዱን ሁለት ሐኪሞች ለየብቻ አይተው «አለ» ወይም «የለም» የሚል መለያ ይሰጣሉ። ለአንድ ምስል ሁለት ደቂቃ ብንይዝ 40,000 ደቂቃ ነው። ወደ 667 ሰዓት። ሁለቱ በአሥር በመቶው ላይ ካልተስማሙ 1,000 ምስል ለሦስተኛ ሐኪም ይሄዳል፤ ሌላ 33 ሰዓት። ድምሩ 700 ሰዓት ሆነ። አንድ ሐኪም በቀን ስድስት ሰዓት ራጅ ብቻ ቢያይ (ዓይኑ ከቻለለት) 117 የሥራ ቀን ይወስድበታል። ሞዴሉን ማሠልጠንስ? በአንድ ጥሩ ጂፒዩ (ኤአይ የሚሠለጥንበት ፈጣን ቺፕ) ከጥቂት ቀናት አይበልጥም።

ብዙ ጊዜ በጀቱ ላይ የማየው ተቃራኒውን ነው። ጂፒዩ በደማቁ ተጽፏል። የሐኪሞቹ 700 ሰዓት «የዳታ ዝግጅት» በሚል አንድ መስመር ታጭቋል፤ አለበለዚያም «በአጋር ሆስፒታሉ በጎ ፈቃድ ይሸፈናል» ተብሏል። ልምድ ያለው ገምጋሚ ይህችን መስመር ሲያይ ፈገግ ይላል። በጎ ፈቃድ በሦስተኛው ሳምንት እንደሚያልቅ ያውቃል።

ይህንን ክፍተት አይተው የተነሱ አሉ። ላኩና ፈንድ 2020 ጁላይ ላይ በ4 ሚሊዮን ዶላር ሲጀመር ዓላማው ዳታ ማሰባሰብና መለያ መስጠት ራሱ ነበር። ግብርና፣ ቋንቋ፣ ጤና፣ የአየር ንብረት። ስሙ በላቲን ክፍተት ማለት ነው። መሥራቾቹ የካናዳው የልማት ምርምር ማዕከል አይዲአርሲ፣ ጎግል ዶት ኦርግ እና ያው ሮክፌለር ናቸው፤ ከዳርትማውዙ ወረቀት ስልሳ አምስት ዓመት በኋላ። ማሳካኔን ያየ ሰውም የዳታ ሥራ ምን እንደሚያስከትል ይገባዋል። 2019 አካባቢ በበጎ ፈቃደኞች የተጀመረ የአፍሪካ ቋንቋዎች የምርምር ማኅበረሰብ ነው። 2021 ላይ አማርኛን ጨምሮ በአሥር ቋንቋዎች የሰውና የቦታ ስሞች የተለዩበት ዳታ አወጣ። ብዙ ተመራማሪ ዛሬም ይጠቀምበታል። 2025 ላይ ጎግል ለማሳካኔ የቋንቋዎች ማዕከል 3 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። ሥራው ቀደመ፣ ገንዘቡ ተከተለ።

እንግዲህ ሦስተኛው ዓመት። ጥሪዎቹን በተርታ ብታነቡ አብዛኞቹ የሚከፍሉት ለአንድ፣ ለሁለት፣ ቢበዛ ለሦስት ዓመት ነው። የሚወዱት ቃል «አዲስ» ነው። ነገር ግን ሞዴል እንደ ሕንጻ ሠርተውት የሚሄዱት ነገር አይደለም። የራጅ ማሽኑ ሲቀየር ምስሉ ይቀየራል፤ ምስሉ ሲቀየር ሞዴሉ መሳሳት ይጀምራል። አንድ ሰው ይህንን መከታተል አለበት። ሰርቨሩ በየወሩ ይከፈላል። ለዚህ ሥራ የሚወጣ ጥሪ አይቼ አላውቅም ብል ማጋነን ይሆናል፤ ግን በጣት የሚቆጠር ነው። የማኅበረሰብ ጥቅም ኤአይ ትልቁ ችግር ይኼ ይመስለኛል። ማስጀመሪያ እንጂ ማቆያ የለም።

የተሳካላቸው ይህን በሁለት መንገድ ነው የተወጡት። አንዱ ከአንድ ለጋሽ ደጋግሞ ማግኘት ነው። የካምፓላው ኤርኮ ጥሩ ምሳሌ ነው። የማካሬሬ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ርካሽ የአየር ብክለት መለኪያ ሠርተው በሕንጻዎችና በሞተር ሳይክል ታክሲዎች ላይ ገጠሙ፤ መለኪያ የሌለበትን ቦታ በኤአይ ገመቱ። 2019 ላይ ከጎግል ውድድር 1.3 ሚሊዮን ዶላር አገኙ። ከዚያ ሌላ 3 ሚሊዮን ተጨመረላቸውና ወደ ሌሎች የአፍሪካ ከተሞች ተሻገሩ። ሁለተኛው ገንዘብ የመጣው የመጀመሪያው መለኪያ መሥራቱን ስላላቆመ ይመስለኛል፤ ሥራው ለቆመ ፕሮጀክት ማንም ሁለተኛ ጊዜ አይከፍልም። ሌላው መንገድ ገና ከመጀመሪያው ሥራውን የሚረከብ ቋሚ አካል ማግኘት ነው። የጤና ቢሮ፣ የገበሬዎች ማኅበር፣ የከተማ አስተዳደር። ይህ አካል በደብዳቤ «በዚህ ዓመት ከዚህ ወር ጀምሮ ወጪውን እኛ እንይዛለን» ካለ ፕሮፖዛሉ ሌላ ክብደት ያገኛል።

ትዕግሥት ያለው ገንዘብ ምን እንደሚያፈራ ታሪኩ ራሱ ያሳያል። 2004 ላይ የካናዳው የምርምር ተቋም ሲፋር የተመራማሪውን የጄፍሪ ሂንተንን የነርቭ መረብ (ከአንጎል አሠራር የተቀዳ የኤአይ ዘዴ) ምርምር ቡድን መደገፍ ጀመረ። ያኔ ነርቭ መረብ ያለቀለት ነገር ነው ይባል ነበር። ገንዘቡ ከዛሬው ጋር ሲነጻጸር የኪስ ገንዘብ ነው። ግን ከዓመት ዓመት ቀጠለ፤ ሰዎቹንም አገናኘ። 2012 ላይ ሂንተንና ሁለት ተማሪዎቹ ለጌም በተሠሩ ሁለት ጂፒዩዎች ያሠለጠኑት ሞዴል የምስል መለየት ውድድሩን ጠራርጎ ወሰደ። 2024 ላይ ሂንተን በፊዚክስ ኖቤል ተሸለመ።

ኦቨርሄድን በአጭሩ ልንካው። መብራት፣ ሂሳብ ሠራተኛ፣ ቢሮ የሚከፈለው ከዚህ ነው። ሆራይዘን ዩሮፕ ከቀጥታ ወጪው ላይ 25 በመቶ ይጨምራል። ጌትስ ፋውንዴሽን ለዩኒቨርሲቲ እስከ 10፣ ለሌሎች ለትርፍ ያልቆሙ ድርጅቶች እስከ 15 በመቶ ይፈቅዳል። ዩኒቨርሲቲያችሁ ከዚህ በላይ ከጠየቀ ልዩነቱን ማን እንደሚሸፍን ከማመልከታችሁ በፊት ተነጋገሩ። ካሸነፋችሁ በኋላ ሲሆን ጠብ ነው።

ሕጋዊ ድርጅት የሌላችሁ ቡድን ከሆናችሁ ገንዘቡን በስማችሁ ተቀብሎ የሚያስተዳድር ዩኒቨርሲቲ ወይም ድርጅት ፈልጉ፤ የተለመደ አሠራር ነው፣ ከገንዘቡ ጥቂት በመቶ ይወስዳሉ። የአሜሪካ ፌዴራል ድጎማ ከፈለጋችሁ በሳም ዶት ጎቭ ተመዝግባችሁ መለያ ቁጥር ማውጣት አለባችሁ። ነፃ ነው። ሳምንታት ስለሚፈጅ ግን ጥሪው እስኪወጣ አትጠብቁ፤ «በፍጥነት እናስጨርስላችሁ» ብለው የሚያስከፍሉትንም እለፏቸው። ማመልከቻ ለመቀበል «የማስኬጃ ክፍያ» የሚጠይቅ ለጋሽ ካጋጠማችሁ ለጋሽ ሳይሆን ሌባ ነው። የማብቂያ ሰዓቱንም አጣሩ። የአውሮፓ ኅብረት ጥሪዎች በአብዛኛው በብራስልስ አቆጣጠር ከቀኑ 17:00 ላይ ይዘጋሉ። «በምድር ላይ የትም ቦታ» የሚል ካያችሁ ደግሞ ቀኑ በዓለም ላይ በመጨረሻ እስከሚያልቅበት ቦታ ድረስ ጊዜ አላችሁ ማለት ነው።

ስለ ኩባንያ ገንዘብ ደግሞ ብዙ ሰው በሹክሹክታ ነው የሚያወራው። መውሰድ ነውር አይደለም። ከላይ የጠቀስኳቸው ጥሩ ሥራዎች ግማሹ በዚያ ነው የተሠሩት። ግን ውሉ ላይ ሦስት ነገር እፈልጋለሁ። ውጤቱ ኩባንያውን የማያስደስት ቢሆን ማሳተም ይቻላል ወይ? ዳታው የማን ነው? የተሠራውን ነገር በሌላ ኩባንያ ክላውድ ላይ ማስኬድ ይፈቀዳል ወይ? ሁለተኛው በተለይ ያከራክራል። ብዙ ለጋሾች ዳታው ለሁሉም ክፍት እንዲሆን ይጠይቃሉ። መልካም ነው። ነገር ግን ድምፁን ያስቀረጸው ሰው ድምፁ የማን ምርት ውስጥ እንደሚገባ አያውቅም። ክፍትነትና ፍትሕ እዚህ ላይ አይስማሙም፤ እኔም ቁርጥ ያለ መልስ የለኝም። ቢያንስ በፈቃድ ቅጹ ላይ፣ ሰውየው በሚገባው ቋንቋ፣ «ኩባንያዎችም ሊጠቀሙበት ይችላሉ» ተብሎ ይጻፍ።

ብዙ ሰው የማያደርገው አንድ ነገር አለ። አብዛኛው ጥሪ ግርጌ ላይ የኢሜይል አድራሻ አለው። ከመጻፋችሁ በፊት ለዚያ አድራሻ አጭር መልእክት ላኩ። የራጁን ፕሮጀክት ይዤ እኔ ብሆን እንዲህ እጽፋለሁ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ለ10,000 ራጅ መለያ የሚሰጡ ሐኪሞች የ700 ሰዓት ክፍያ በዚህ ጥሪ ይሸፈናል? የፕሮጀክቱ መጀመሪያ ቀን የሥነ ምግባር ፈቃድ ከተገኘ በኋላ ሊሆን ይችላል? ከድጋፉ ማብቂያ በኋላ ወጪውን የሚይዝ አጋር ደብዳቤ አለን፤ ማያያዝ ይቻላል? እናመሰግናለን።» መልስ በሳምንት ካልመጣ አንዴ አስታውሱ። «የሐኪሞቹ ክፍያ አይሸፈንም» የሚል መልስ ከመጣም ክፉ ዜና አይደለም። ፕሮፖዛሉን ለመጻፍ ልታጠፉት የነበረው ሦስት ሳምንት ተርፏችኋል፤ ቀጣዩን ጥሪ ክፈቱ።